ሩጫውና ብረቱ ለተጣሉብህ ወንድሜ

«ጠዋት እሮጣለሁ፣ ማታ ብረት አነሳለሁ፤ ቦርጬ ቢቀንስም ጡንቻዬ አልጨመረም፤ የቱን ልተው?» ብለህ ለጠየቅኸው፦ አብሽር፣ የምትተወው የለም። ያበላሸኸው መጠኑንና ቅደም ተከተሉን ነው፤ እኔም እዚህ ደሴ አራት ወር ሙሉ በዚሁ ነገር ተቃጥያለሁ።

አንደኛ፣ ሁለቱ በአንድ ቀን ከተገናኙ ጉልበትህ ሳይነካ ብረቱ ይቅደም፤ ከተቻለ ደግሞ ቀናቸውን ለያይ። እኔ አሁን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብረት እሠራለሁ፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ሠላሳ ደቂቃ ዳገት በእግሬ እወጣለሁ። ሮበርት ሂክሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት፣ በሳምንት 5 ቀን ብረት፣ 6 ቀን ደግሞ ከባድ ሩጫና ብስክሌት አጣምረው ለ10 ሳምንት የሠሩት ሰዎች ጉልበታቸው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ ካደገ በኋላ ቆሞ፣ በመጨረሻ ቁልቁል ወርዷል። ይህን ሊነግረኝ ይገባ የነበረው የስፖርት ቤቱ አሰልጣኝ ግን «ስብህን በሩጫ ሳትጨርስ ብረቱ አይሠራልህም» ብሎ በየማለዳው በባዶ ሆዴ ወደ ጦሳ ዳገት ሲያስሮጠኝ ከረመ። ብጠይቀው «ከእኔ በላይ ታውቃለህ?» ብሎ በሰው ፊት አሳፈረኝ። የስድስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ስለወሰደ እንደማልሄድበት ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ምግብ፤ እኔን የጎዳኝም እዚህ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ገባ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምሁ ጠዋት መሮጤን አላቆምሁም፤ ማታም ቀጠን ያለች ሽሮ በልቼ ብረት ሥር እተኛለሁ። ለፋሲካ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሼ ስኮራ፣ በደረቴ እገፋው የነበረው 60 ኪሎ ወደ 45 ወርዶ አገኘሁት። እናቴ ከሐይቅ ለበዓሉ መጥታ ገና በር ላይ «ምነው ልጄ፣ አመመህ ወይ?» አለችኝ። የቀነሰው ስቡ ብቻ አልነበረም።

ጡንቻ ለመገንባት በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል፤ ለ80 ኪሎ ሰው 128 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ መቶ ግራም ያልተቀቀለ ምስር ደግሞ 25 ግራም ገደማ ስላለው፣ በጾም ወራት ምስሩን፣ ሽምብራውንና ባቄላውን ወፈር አድርገህ ካልበላህ አይሞላም። ጾም ሲገባ የምትቀንሰው ሩጫውን እንጂ ብረቱን አይደለም። ሙስሊም ጎረቤቴ በረመዳን ብረቱን ከኢፍጣር በኋላ ሲሠራ አይቼ፣ እኔም በቀጣዩ ጾም ብረቱን ከምግብ በኋላ አደረግሁት።

በአራተኛው ወር ያንን ቤት ለቅቄ በራሴ መንገድ ቀጠልሁ። በዓመቱ ወገቤ ከ101 ሴንቲ ሜትር ወደ 90 ወርዶ፣ በደረቴ 70 ኪሎ መግፋት ጀመርሁ። አሰልጣኙ ዛሬ ፒያሳ ላይ ሲያገኘኝ «ይህ የእኔ ልጅ ነው» እያለ ለሰው ያሳየኛል፤ የቀረውን የሁለት ወር ክፍያዬን ግን እስካሁን አልመለሰም።