ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ልጄ ድኖ ነበር፤ ለምን ተመልሶ ከሳ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። የ1 ዓመት ከ7 ወር ልጄ ከፍተኛ የምግብ እጥረት አለበት ተብሎ ከጤና ጣቢያ ፕላምፒናት (ከኦቾሎኒ የሚሠራ፣ ለተጎዱ ልጆች የሚሰጥ ምግብ) ሲወስድ ቆይቶ ድኗል ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ተቅማጥ ያዘውና እንደገና ከሳ። እኔ የቀን ሥራ ስለምውል የምትይዘው ታላቅ እህቱ ናት። ሕክምናው አልሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ሠርቷል። የክንድ ዙሪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ሕክምና ይጀምራል፤ 12.5 ሲደርስና የእግር እብጠት ከሌለው ይወጣል። ሥጋው ቶሎ ቢመለስም በሽታ የመከላከል አቅሙ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ከሕክምና በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያሠጉት ለዚህ ነው። ደግሞም የተመለሰው ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ማዕድ ነው።

ከደብዳቤዎ ዓይኔ ያረፈው ተቅማጡ ላይ ነው። ተቅማጥ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ አንጀትም የተበላውን በቅጡ አይመጥጥም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነና በጄሪካን የምታጠራቅሙ ከሆነ፣ ለልጁ የሚሰጠውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። ጡጦ ካለ ይቅር፤ ኩባያና ማንኪያ ይበቃዋል። ተቅማጥ ሲይዘው «ሆዱ ይረፍ» ብላችሁ ምግብም ጡትም አትከልክሉት። ከፋርማሲ መድኃኒት ከመግዛት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ለተጎዳ ልጅ የሚሰጠው ፈሳሽ ራሱ የተለየ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው አጥሚት ነው። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል፣ ልጅ አያሳድግም። ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ የማይፈስ ገንፎ ይሁን፤ የምስር ወይም የሽምብራ ዱቄት ይግባበት፣ ዘይት ጠብ ይበልበት፣ ሲገኝ እንቁላል ይጨመርበት። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በመሃል መክሰስ፤ ጡቱም ቢያንስ እስከ 2 ዓመት ይቀጥል። ለብቻው በሳህን ይቅረብለት፤ ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ትሪ የሚበላ ሕፃን ሁልጊዜ ይቀደማል። እህቱም ልጅ ናትና ይህን አብራችሁ ሠርታችሁ አሳዩአት።

ፕላምፒናት እንደገና ከታዘዘለት የእርሱ ብቻ መድኃኒት ነው። የራባቸው ልጆች አጠገቡ ቆመው እያዩ ለአንዱ ብቻ መስጠት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ያካፈለች እናት ላይ አልፈርድም። ግን ሲካፈል የእርሱ መጠን ይጎድላል። ችግሩን ለጤና ባለሙያው ይንገሩ፣ ሌሎቹም ይለኩ።

አሁን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ፤ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ምርመራም ይጠይቁ። ካገገመ በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየወሩ ክንዱን ትለካለት። ሁለቱም እግሮቹ አብጠው በአውራ ጣት ሲጫኑ ከጎደጎዱ፣ አልበላም ካለ፣ ሁሉን ካስመለሰ ወይም ከደከመና ከፈዘዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።