እሮብ ማታ ማን ከማን ጋር ይበላል?

«የማዕድ ጥያቄዎቻችሁ»፣ ከጅማ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። እንደምን ሰነበቱ? ባንክ ቤት ነው የምሠራው። አምስት ዓመት አዲስ አበባ ሠርቼ ባለፈው ዓመት ወደ ጅማ ተዛወርኩ። አዲስ አበባ እያለሁ አንዲት ጓደኛዬ ቦሌ አካባቢ ሰው ቤት እራት ወሰደችኝ። አስቀድመን ከፍለን፣ ከማናውቃቸው ስምንት ሰዎች ጋር በላን። «ሳፐር ክለብ» ይሉታል። መጀመሪያ አፈርኩ። ሲያልቅ ግን መሄድ አስጠላኝ። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ አልቀርም ነበር። ጅማ ከመጣሁ ወዲህ ወይ ሆቴል ብቻዬን እበላለሁ፣ ወይ ቤቴ ገብቼ ስልኬን ብርጭቆ ላይ አስደግፌ እያየሁ እበላለሁ። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር ብጀምር ሰው ይመጣል? ገንዘብ መቀበልስ ነውር አይሆንብኝም? ቤቴ አንድ ክፍልና ትንሽ በረንዳ ነው።
ብቸኛዋ ተመጋቢ፣ ከኮቺ

መልስ፦ ልጄ፣ ስልኩን ብርጭቆ ላይ ስታስደግፊ ታየሽኝና ሳቅኩ። እኔም ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሬዲዮ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ነበር የምበላው። ዜና አንባቢው በላሽ አልበላሽ ጉዳዩም አይደለ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚሉሽን ግን አትስሚያቸው። ብቻሽን የምትበይው ሰስተሽ አይደለም፣ ሰው አጥተሽ ነው።

ሰው ይመጣል ወይ ላልሽው፣ ይመጣል። ስሙ ነው እንጂ ነገሩ ለጅማ አዲስ አይደለም። ከ1988 እስከ 1999 ዓ.ም. አጂፕ አካባቢ ቤቴ ውስጥ በኮንትራት ሰው አበላ ነበር። ስጀምር ዩኒቨርሲቲው ገና ዩኒቨርሲቲ አልሆነም፤ የጤና ሳይንሱና የግብርና ኮሌጁ ለየብቻ ነበሩ። ተመጋቢዎቼ መምህራን፣ ነርሶች፣ አንድ የቡና መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛና አንድ ከዳውሮ የመጣ መንገድ ቀያሽ ነበሩ። ሲመጡ ማንም ማንንም አያውቅም። ወር ሲሞላ ይከፍላሉ፣ ማታ ማታ አንድ መሶብ ይከባሉ። ሁለቱ በኋላ ተጋቡ። ሌሎች ሁለቱ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም፤ በኳስ ምክንያት።

ከገንዘቡ እንጀምር። ነውር የሚሆነው ሰው እንግዳ ነኝ ብሎ መጥቶ በሩ ላይ ሒሳብ ሲጠየቅ ነው። አስቀድሞ «መዋጮ አለው» ከተባለ ማንም ቅር አይለውም። ለማኅበር እናዋጣ የለ? ለእድር እንከፍል የለ? ፓሪስ ውስጥ ጂም ሄይንስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ከ30 ዓመት በላይ እሁድ እሁድ ማታ ቤቱን ለማያውቃቸው ሰዎች ከፍቶ ሲያበላ ኖሮ በ2021 እ.ኤ.አ. አረፈ። እንግዶቹ የሚያዋጡትን ፖስታ ውስጥ ከተው ይሰጡ ነበር። ፖስታው ብልሃት ነው፤ ብሩ ሲቆጠር አይታይም። አንቺ ደግሞ ቴሌብር አለሽ። ከሁለት ቀን በፊት ይላኩልሽ፤ በዚያውም ስንት እንጀራ እንደሚያስፈልግሽ ታውቂያለሽ። የጤፉን፣ የዘይቱን፣ የከሰሉን ዋጋ ደምረሽ ለስድስት አካፍዪ። የልፋትሽን ትንሽ ጨምሪበት፣ አትፈሪ። ግን ስንት እንደሆነ ለሁሉም አንድ ዓይነት ንገሪ።

ለስድስት ያልኩሽ ያለ ነገር አይደለም። አንድ መሶብ ስድስት ሰው በደንብ ይከበዋል። ስምንት ሲሆን ክርን ከክርን ይጋጫል፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው እጃቸውን በሰው ትከሻ ላይ ይሰዳሉ። ኩባ ውስጥ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ምግብ ቤት እንዲከፍቱ ሲፈቀድላቸው ከ12 ወንበር በላይ አትይዙም ተብለው ነበር። ሲያማርሩበት የኖሩት ሕግ ነው። እኔ ግን ሁለት መሶብ ሙሉ ሰው ብዬ ሰማሁት፤ ለአንድ ቤት ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያልጠየቅሽኝ ይኼ ነው፤ አዲስ አበባ ስለለመድሽ አልታየሽ ይሆናል። ጅማ ውስጥ ክርስቲያኑና እስላሙ አብረው ይነግዳሉ፣ ለቅሶ አብረው ይቀመጣሉ። በርጫ ላይ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ጠያቂም የለ። ሥጋ ሲመጣ ነው «ማን ባረከው?» የሚባለው። ይህን ጅማ ተወልጄ ያደግኩት እኔ ራሴ ሳትኩት።

በ1989 ዓ.ም. ነው። ቀያሹ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን ለእራት ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ። ደስ አለኝና ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ሽንኩርቱን ከጠዋት ጀምሬ ነው ያቁላላሁት፣ እንቁላሉ ብቻ አሥር ነበር። ሰዎቹ መጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ተቀመጡ። አንደኛው «በልቼ ነው የመጣሁት» አለ። ሌላው ዳር ዳሩን እንጀራ እየቆረሰ አይብ ብቻ እየነካ ቆየ። እኔ ደግሞ «ምነው? ብሉ እንጂ! አፈር ስሆን!» እያልኩ ጭራሽ የዶሮውን እግር አንስቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ልጁ ላብ አጠመቀው። ስማቸውን ተዋውቀን ሳለ እንኳ አልባነንኩም። ባነንኩ ስል ከወጡ በኋላ ነው። ቀያሹ በማግስቱ «እትዬ፣ እነሱ እኮ ሙስሊሞች ናቸው» ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ራበን ሳይሉ፣ ሳያሳፍሩኝ፣ አመስግነውኝ ሄዱ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እንግዳ የሚመጣበትን ቀን እሮብ አደረግኩት። እሮብ ጾም ነው። የጾም ምግብ ላይ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ክርስቲያኑ አይገድፍም፣ እስላሙ አይቸገርም፣ ጴንጤውም አብሮ ይበላል። ደግሞ ርካሽ ነው። አሁን ፈረንጆቹም ታይምሌፍት የሚባል መተግበሪያ አላቸው አሉ፤ የማይተዋወቁ ሰዎችን እሮብ እሮብ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያገናኛል። የእህቴ ልጅ ስትነግረኝ «ቀደምኳቸው» አልኩ።

አንድ ነገር ያዢ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት እሮብ አይጾምም። ያኔ ሰዉ ሥጋ አምሮታል፤ «ዛሬ እንኳ ትንሽ ክትፎ ነገር» የሚልሽ አይጠፋም። ምግቡን አትቀይሪ። ሽሮው ላይም ቅቤ ጣል ማድረግ አያምርሽ።

ምን ልሥራ ካልሽ፣ ምስር ቀይ፣ አተር ክክ አልጫ፣ ጎመን በዘይት፣ ተልባ ፍትፍት። ስናፍጭ ካገኘሽ ጥሩ። ዋናው ግን ሽሮው ነው። በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይምጣ እንጂ አስቀድመሽ መሶቡ ላይ አታፍሺው። ለምን መሰለሽ? ሰዎቹ ተቀምጠዋል፣ አይተዋወቁም፣ ዝም ብለዋል። አንዱ ስልኩን ያወጣል። ያኔ ድስቱን ይዘሽ ትገቢያለሽ። ሽሮው እየፈላ እንጀራው መሃል ሲወርድ እንፋሎቱ ፊታቸውን ይመታዋል፣ አንድ ጠብታ ትፈናጠራለች። አንዱ ቸኩሎ እጁን ይሰዳል፣ አጠገቡ ያለው «ኧረ ያቃጥላል!» ይላል። ስሙን ሳይነግረው አዘነለት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው በራሱ ይሄዳል፣ አንቺ አትልፊ።

እጅ ማስታጠቡንም አንቺ አትሥሪው። ጆጉንና ሳሙናውን ለአንዱ ስጪ፤ እሱ ያንን ያስታጥባል፣ ያኛው ቀጣዩን። ሰው ውሃ አፍስሶለት የታጠበን ሰው መልሶ አይኮራበትም። ወንበር ካጠረሽ ደግሞ የጅማ በርጩማ ግዢ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር። በረንዳሽ ወጣ ገባ ከሆነ አራት እግር ይወዛወዛል፤ ሦስት እግር የትም ይቆማል። ዝቅም ስለሚል ሁሉም ለመሶቡ እኩል ይሆናል። የፊት ፊታቸውን ይብሉ፣ በቀኝ እጅ። ይህን እኔን አያቴ በቁንጥጫ ነው ያስተማረችኝ። የጎረቤቴ ልጆች ደግሞ ከሐዲስ ነው የተማሩት፦ በአላህ ስም ጀምር፣ በቀኝህ ብላ፣ ከፊትህ ያለውን ብላ። እዚህ ላይ የምትጨቃጨቂው ሰው የለሽም።

የጥሪው ሰዓት ምሽት 1 ሰዓት ይሁን። መግሪብ የሚሰግድ ሰግዶ ይደርሳል። ዝናቡንም አስቢው፤ የኛን ከተማ ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ ሩብ ሰዓት ያዘገያል። ለመጠጥ የጅማ ማር ገዝተሽ ብርዝ በጥብጪ። ጠጅ የሚፈልግ ሲወጣ ይጠጣ። ከዚያ ቡና። የማታ ቡና እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ካለ ሻይ አፍዪለት፣ ግን ረከቦቱ ይቅረብ። ሰው ስለ ራሱ እውነቱን የሚያወራው ቶና ላይ ሲደርስ ነው፤ አቦል ላይ ገና ስለ ሥራው ነው የሚያወራው። 3 ሰዓት ላይ ባጃጅ ሳይጠፋ ሸኚያቸው።

የመጀመሪያውን ቀን የማታውቂውን ሁሉ አትጥሪ። ሁለት የምታውቂያቸው ይሁኑ፣ እያንዳንዳቸው አንቺ የማታውቂውን አንድ አንድ ሰው ይዘው ይምጡ። ከባንኩ ከአንድ ሰው በላይ አትጥሪ፤ ሁለት ከሆኑ የሥራ ስብሰባ ይሆንብሻል። ስድስተኛዋ አከራይሽ ትሁን። አደራሽን፣ አከራይሽን እንዳትረሺ። ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ ማታ ማታ ወንድና ሴት ሲገባላት፣ ሲነጋ ሰፈሩ የራሱን ታሪክ ጽፎ ይጠብቅሻል። አከራይሽ አንድ ቀን ከመሶቡ ከበላች ግን ጠበቃሽ እሷው ናት። በነጻ ትብላ።

ጥያቄ፦ እህቴ ለንደን ናት። በሚቀጥለው ወር ልጠይቃት እሄዳለሁ። «አንዲት ሴትዮ ቤት የእራት ቦታ ይዤልሃለሁ፣ ከፍያለሁ» ትለኛለች። ሰው ቤት ከፍሎ ገብቶ መብላት ግራ ገባኝ። ባዶ እጄን ልሂድ? ጾምስ ቢሆን?
ተጓዡ፣ ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ ምንም ግራ አይግባህ። ለንደን ውስጥ ነገሩ የጦፈው በ2009 እ.ኤ.አ. ግድም ነው። በዚያ ዓመት ከርስቲን ሮጀርስ የምትባል ሴት ሳሎኗን ምግብ ቤት አድርጋ ከፈተች፣ ከዚያ ብዙ ሰው ተከተለ። አድራሻው ብዙ ጊዜ የሚላከው ከከፈልክ በኋላ ነው። ምግቡ አንድ ዓይነት ነው፣ ምርጫ የለም። ስለዚህ ጾም ከሆነ እህትህ ዛሬውኑ «ቪጋን ነው» ብላ ትጻፍላቸው፤ ለኛ ጾም የሚቀርበው ቃል እሱ ነው። በሰዓቱ ድረስ፣ ሁሉም አብሮ ነው የሚጀምረው። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፦ «ብላልኝ፣ በሞቴ» የሚልህ የለም። በኛ ልማድ አንዴ «በቃኝ» ብለህ እስኪለምኑህ ብትጠብቅ ሰሃኑ አልፎህ ይሄዳል፣ ተርበህ ትመለሳለህ። እጅህን ባዶ አታድርግ፤ ሩብ ኪሎ የጅማ ቡና ተቆልቶ በቂ ነው። ሁሉም በየሰሃኑ ስለሚበላ ደግሞ አጠገብህ ያለችውን ሴት እንዳታጎርሳት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ካገባሁ ስምንት ወሬ ነው። እሁድ እሁድ አማቴ ቤት በአንድ መሶብ እንበላለን። እሳቸው ጉርሻ ያበዛሉ። ጡጫ የሚያህል ነው። አራት፣ አምስት ጊዜ። እምቢ ማለት ይቻላል?
የጠገበው አማች፣ ከቦሳ

መልስ፦ አይቻልም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል» ስለሚባል ሁለቱን ትበላለህ፣ ዕዳህ ነው። ሦስተኛው እንዳይመጣ ከፈለግክ ቀድመህ አጉርሳቸው። ብድግ ብለህ፣ በአክብሮት፣ በሁለት እጅህ። ሽሮውን ተወው፣ ቶሎ ይዋጣል። ጎመን አብዛበት፤ ጎመን ማኘክ ይፈልጋል።