«ልጁን ጠየቀችው?»፦ ዘንድሮ ስላነበብኋቸው መጻሕፍት በውጭ ላላችሁ ወገኖቼ

ውድ ወገኖቼ፣ በሰው አገር 27 ዓመት ኖሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ከተመለስሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በስልክ ስንገናኝ ብዙዎቻችሁ ስለ መሬት፣ ስለ ቤት ሥራና ስለ ባንክ ትጠይቁኛላችሁ፤ እኔም የማውቀውን ያህል እነግራችኋለሁ። በቅርቡ ግን አንዲት እኅት ከዚያ ሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ አመጣችልኝ፤ «ዘንድሮ ካነበብኸው ልብህን የነካው የትኛው ነው? ልጆቼ አማርኛው እየሸሻቸው ነውና ምን ላንብብላቸው?» አለችኝ። ለእርሷ የመለስሁትን ለሁላችሁም ብጽፈው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስቀመጥሁት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመና ሁሉም የሚያውቀው መጽሐፍ ስለሆነ ምርጫዬ ለአንዳንዶቻችሁ አዲስ ነገር የሌለው ይመስላችሁ ይሆናል። እኔም እንደማውቀው እርግጠኛ ነበርሁ። በተማሪነቴ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ብቻ ተከትዬ አነበብሁት። በስደት ደግሞ ናፍቆት ሲያይልብኝ ከመደርደሪያው አወርደውና ማንኩሳ የምትነሣባቸውን የመጀመሪያዎቹን ገጾች አንብቤ፣ አልቅሼ፣ መልሼ እዘጋው ነበር። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በልጅነቴ በአውቶቡስ ስናልፍባት ሙዝ ገዝተን የበላንባት ቦታ ስለሆነች ስሟን ማየት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ከ500 ገጽ በላይ ያለውን መጽሐፍ እንዲህ እየቆነጠርሁ ሃያ ስድስት ሰባት ዓመት ያህል ሳልጨርሰው ኖርሁ።

ዘንድሮ ግን መንገዱ እንደ ልብ የማይኬድበት ጊዜ ሆኖ ከቤት የምንውልበት ቀን በዛና ለአክስቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸው ጀመር። አክስቴ ሰማንያን ያለፉ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ነገር ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያዳመጡ ሴት ናቸው፤ ስለዚህ የሰዎቹን ስም ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ያዳምጡኛል፤ እንዝርቱ ቀጥ ሲል አንድ ነገር እንዳሰቡ አውቃለሁ። የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ልጇ በሕይወት ቢተርፍላት ለእግዚአብሔር አገልጋይ አድርጋ ልትሰጠው ከተሳለችበት ቦታ ስደርስ እንዝርቱ ቆመ። «ቆይማ» አሉኝ፤ «ልጁን ጠየቀችው?»

ሕፃን ነበርና አልጠየቀችውም። አክስቴ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ፈትላቸውን ቀጠሉ፤ እኔ ግን የዚያን ዕለት ከዚያ ወዲያ ማንበብ አቃተኝ። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደ ለት ከሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ለአባቴ ስደውል «ይህ ልጅ ሐኪም ሆኖ አገሩን ያገለግላል» ማለቴን አስታውሳለሁ። ልጄ ገና የአንድ ቀን ዕድሜ ነበረው። ከዚያ በኋላ 18 ዓመት ሙሉ፣ በየበዓሉና በየስልኩ፣ ያንን ቃል በዘመድ ፊት ስደጋግምበት ኖርሁ፤ ሌላ ሙያ መምረጡን ሲነግረኝም ሦስት ወር ያህል አኮረፍሁት። የውድነሽ ስለት ከፍቅር የመጣ ነበር፣ የእኔም እንደዚያው፤ ሁለታችንም ግን ለልጁ ነው የምንለውን ቃል ልጁን ሳንጠይቅ ነው የገባነው። በዛብህ አድጎ ሲወድድ ያ የእናቱ ስለት እንዴት በልቡ ላይ እንደተጫነው በዚህ ዓይን ስታነቡት መጽሐፉ የሌላ ዘመን ታሪክ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ በውጭ ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ ይህን መጽሐፍ ልጆቻችሁ ለአቅመ ንባብ እስኪደርሱ ሳትጠብቁ አስቀድማችሁ እናንተ አንብቡት፤ ባልና ሚስት ሆናችሁ ብታነቡት ደግሞ እጅግ ይሻላል።

እግረ መንገዴን ሌላም ነገር ልናገር። በሰው አገር ስንኖር ጎጃምን ማርና ቅቤ ብቻ አድርገን እናስባታለን፤ እኔ ራሴ በየማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንደዚያ ስናገር ቆይቻለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በዲማ ጊዮርጊስ የአብነት ትምህርት የተማሩ፣ አገሩን ከማንም በላይ የሚወድዱ ሰው ሆነው ሳለ፣ የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ከደንብ ውጭ ሲጠይቋቸው እምቢ ያሉትን ባላገሮች በደል ሳይሸፍኑ ጽፈዋል። እውነቱን በግልጥ የሚናገረው ካሳ ዳምጤ በአገሬው አንደበት «ጉዱ ካሳ» መባሉ ራሱ ትልቅ ትምህርት አለው። አገርን መውደድ ጉድፏን ከመደበቅ ጋር አንድ አለመሆኑን ከዚህ መጽሐፍ በተሻለ ያሳየኝ የለም፤ ለልጆቻችሁም የምትነግሯቸው ጎጃም ገበሬው የሚያርስባት ብቻ ሳትሆን ገበሬው የተበደለባትም ብትሆን፣ አድገው መጥተው ሲያዩዋት አይደነግጡም።

ሁለተኛው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ በእንግሊዝ አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ አባታቸው ስለ ጥንቱ ሊቃውንትና ስለ ቅኔ ቤት የሚያወጉትን መዝግበው ያቆዩበት መጽሐፍ ነው። ቅኔ ቤት ለእኛ ለጎጃሞች ዋሸራና ጎንጅ፣ ደበሎና አኩፋዳ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ የሚጠና የቆሎ ተማሪ ነው፤ ስለዚህ ሳነበው የአያቴን ድምፅ የሰማሁ ያህል ተሰምቶኛል። አያቴ የተክሌን ዝማሜ የተማሩ ደብተራ ነበሩ፤ ከተለዩን 31 ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ በድምፃቸው አልቀረችኝም። ለዚህ ጸጸት መድኃኒት የለውም። እናንተ ግን ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። አባትና እናት ያላችሁ ሰዎች፣ በየሳምንቱ «ደኅና ናችሁ?» ተባብላችሁ ከምትዘጉ፣ «እርስዎ ፊደል የቆጠሩት ማን ዘንድ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና ቅዱት። ሲያወጉ አማርኛቸውን አታርሙ፤ ጥያቄም አታብዙባቸው፤ ዝም ብላችሁ ስትሰሙ ነው ወጉ የሚመጣው።

ሦስተኛው ከሁሉ ያጠረው ነው። የዘጌው ተወላጅ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በብዛት «ጦቢያ» የምንለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። የጻፉት በናፖሊ አማርኛ እያስተማሩ በነበረበት ዘመን መሆኑን፣ ማለትም ልብ ወለዳችን በስደተኛ እጅ መጀመሩን ማወቅ ደስ ይላል፤ ጸሐፊው በኋላ ከጣልያን ጋር የነበራቸውን ውግንና ግን እኔ በበኩሌ አላልፈውም፤ ልጆቻችሁም ሁለቱንም አብረው ቢያውቁ ይበጃል። ልቤን የነካው ዋሕድ ነው። የተማረከው አባቱ አንድ የማይታወቅ ነጋዴ በከፈለለት ገንዘብ ነፃ ሲወጣ፣ ያንን ውለታ ሊመልስ ከቤቱ የወጣው ልጅ ራሱ በባርነት ይያዛል። የቤተሰቡን ዕዳ ልከፍል ብሎ የወጣ ወጣት ባሕር ማዶ ሲቀር የምናውቅ ሁላችን፣ ዋሕድን ለማወቅ መግቢያ አያስፈልገንም። አማርኛው የቆየ ስለሆነ ለልጆች በቀጥታ ከማንበብ ይልቅ ታሪኩን በራሳችሁ ቃል ብትተርኩላቸው ይሻላል።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ» ደግሞ በጣልያን ዘመን ተማርከው ወደ ጣልያን አገር ተወስደው ያሳለፉትን መከራ ስለሚነግር፣ ስደት ከበረታባችሁ በእጃችሁ ቢኖር መልካም ነው። የአቤ ጉበኛን «አልወለድም»ንም ዘንድሮ ደግሜዋለሁ፤ ኃይሉ እንዳለ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ግን አይሆንም።

እንዴት ላንብብ ለምትሉኝ፣ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሁልጊዜም ድምፅ አውጥታችሁ። ከልጆቻችሁ ጋር ስታነቡ የማይገባቸውን ቃል ወዲያው በባዕድ ቋንቋ አትተርጉሙላቸው፤ ቃሉን በቴሌግራም ለአያታቸው ይላኩና መልሱን ከእርሳቸው ይስሙ። አንዲት የእኅቴ ልጅ «ቁና ምንድን ነው?» ብላ ብትልክ፣ አክስቴ ተነሥተው ከጓዳ ቁናውን አውጥተው ጤፍ እየሰፈሩ ፎቶ አስነሡልኝ፤ ልጅቷ እስከ ዛሬ ያንን ፎቶ ከስልኳ አላጠፋችውም። አገር ቤት ስትመጡም ሻንጣውን በበርበሬና በሽሮ ከመሙላታችሁ በፊት የሁለት መጽሐፍ ቦታ ተዉ፤ አሮጌ መጻሕፍት አዲስ አበባ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ይገኛሉ፤ ሻጮቹም ስሙን ከነገራችኋቸው ፈልገው ያመጣሉ።

ለልጄም በክረምቱ ደወልሁለትና የውድነሽን ስለት አነበብሁለት። የአክስቴን ጥያቄም ነገርሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «አባዬ፣ ቀጥለህ አንብብ» አለኝ። አሁን በየእሑዱ ሦስታችን አብረን እናነባለን፤ እሱ በስልክ፣ አክስቴ ከእንዝርታቸው ጋር፤ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ማስተማር ሊጀምር ነው።