ትርምስም ሕግ አለው፤ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምወደው መስክ የተለዋዋጭ ሥርዓቶች፣ ማለትም ከጊዜ ጋር የሚለዋወጡ ነገሮች ሒሳብ፣ በተለይም ኬኦስ (ትርምስ) የሚባለው ነው። ባለፈው ሳምንት ስለዚህ ጉዳይ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ ጥያቄ ደረሰኝ። አንዳንዱን በአጭሩ፣ ልቤን የነካውን ደግሞ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኬኦስ ማለት ሥርዓት አልበኝነት ከሆነ ሕግ የሌለው ነገር በሒሳብ እንዴት ይጠናል?

መልስ፦ ያሳሳተዎት ቃሉ ነው። «ትርምስ» ስንል የገበያ ግርግር ይታየናል። የሒሳቡ ትርምስ ግን ጥብቅ ሕግ አለው፤ ዕጣና ዕድል አይገቡበትም። የዛሬው ሁኔታ የነገውን ሙሉ በሙሉ ይወስናል። ጣጣው ያለው ዛሬን ስንለካ በምንስታት ቅንጣት ላይ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ትባዛለች።

ስልክዎን ያውጡና በካልኩሌተር ይሞክሩት። 0.2 ይያዙ። ከ1 ላይ ሲቀንሱት 0.8 ይቀራል። ሁለቱን ያባዙ፣ ውጤቱን ደግሞ በ4 ያባዙ፤ 0.64 ይመጣል። በ0.64ም ላይ ይህንኑ ሲያደርጉ 0.9216 ያገኛሉ። እንዲህ እያሉ ይቀጥሉ። ከዚያ እንደ አዲስ ከ0.201 ይነሡ። የመጀመሪያው ውጤት 0.6424 ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ግን አንዱ 0.96፣ ሌላው 0.45 አካባቢ ይሆናል። ሕጉ ያው ነው፤ መነሻው ብቻ በአንድ ሺሕኛ ተለያየ።

ጥያቄ፦ ቡና አምራች ነኝ። ቀይ ቡና ለቅሜ አልጋ ላይ አስጥቼ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። የነገውን ዝናብ በሬዲዮ ትነግሩናላችሁ፤ የወሩን ዕለት በዕለት የማትነግሩን ለምንድን ነው? መሣሪያው ቢሻሻል አይቻልም?

መልስ፦ አባቴ፣ የመስኩን እምብርት ነው የነኩት። በ1961 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ አሜሪካዊ የአየር ሁኔታ ተመራማሪ በኮምፒውተር የሠራውን ስሌት ሊደግም ፈለገ። ከወረቀቱ ላይ 0.506 የሚለውን ቁጥር አስገብቶ ቡና ሊጠጣ ወጣ። ማሽኑ በውስጡ የያዘው ግን 0.506127 ነበር፤ ሲያትም ነው የቆረጠው። ሎሬንዝ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለስ አዲሱ የአየር ሁኔታ ከቀድሞው ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም። መጀመሪያ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ነበር። የተበላሸ ነገር አልነበረም።

መሣሪያው ስለመሻሻሉ ላነሡት፣ ወደ ካልኩሌተሩ እንመለስ። በዚያ ስሌት ስሕተቱ በየእርምጃው በአማካይ እጥፍ ይሆናል። 1ን አሥር ጊዜ እጥፍ ብናደርገው 1,024 ይሆናል። እንግዲህ መለኪያችንን አንድ ሺሕ ጊዜ ብናሻሽለው የምናተርፈው አሥር እርምጃ ብቻ ነው! ይህን ስሌት በወጣትነቴ ስሠራ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የከባቢ አየር ዝርዝር ትንበያም በዚሁ ምክንያት ከሁለት ሳምንት ገደማ ብዙ አይዘልቅም።

ስለዚህ ታላላቆቹ የትንበያ ማዕከላት ከ1992 ጀምሮ መነሻውን በጥቂት በጥቂቱ እየለዋወጡ ስሌቱን ደጋግመው ይሠራሉ። ከሃምሳው አርባው ዝናብ ካሳየ የዝናቡ ዕድል ሰማንያ በመቶ ነው ይባላል። «ክረምቱ ከወትሮው ይበረታል» የሚለው የወቅት ትንበያ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ በዝግታ በሚለዋወጠው የውቅያኖስ ሙቀት ላይ ይመሠረታል። እርስዎ የሦስት ቀኑን ትንበያ ይዘው ሸራዎን ያዘጋጁ። «በሃያኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ይዘንባል» የሚልዎትን ግን አይመኑት።

ጥያቄ፦ ቢራቢሮ ክንፏን ብታርገበግብ አውሎ ነፋስ ታስነሣለች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በ1972 ሎሬንዝ ለሰጠው ንግግር ርዕስ የሆነ ጥያቄ ነበር፤ ቢራቢሮዋ ብራዚል፣ አውሎ ነፋሱ ቴክሳስ። እርሱ ራሱ «አዎ» አላለም። ልታስነሣ ከቻለች ልታስቀርም ትችላለች ነው ያለው።

ጥያቄ፦ በዚህ ሥራ ሴቶች ነበሩበት?

መልስ፦ ነበሩበት፤ ስማቸው ባለመነሣቱም አዝናለሁ። የሎሬንዝን ስሌቶች ለኮምፒውተሩ ያዘጋጁት ማርጋሬት ሃሚልተንና ኤለን ፌተር ናቸው። ሃሚልተን በኋላ ሰውን ጨረቃ ላይ ያደረሰውን የአፖሎ ሶፍትዌር ሥራ መርታለች።

ጥያቄ፦ ፕላኔቶችስ? እነርሱ እንኳ እንደ ሰዓት የታመኑ አይደሉም?

መልስ፦ ለእኛ ዕድሜ ከበቂ በላይ የታመኑ ናቸው። ነገር ግን ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዣክ ላስካር በ1989 እንዳሳየው፣ የመሬትን የዛሬ ቦታ በ15 ሜትር ብንስት ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በኋላ በምሕዋሯ ላይ የት እንደምትሆን መናገር አንችልም።

የዚህ ሁሉ መነሻ ፈረንሳዊው ሄንሪ ፖንካሬ ነው። እንደ ፀሐይ፣ መሬትና ጨረቃ እርስ በርስ የሚሳሳቡ የሦስት አካላትን እንቅስቃሴ አጥንቶ በ1889 የስዊድን ንጉሥ ኦስካር ሁለተኛን ሽልማት አሸነፈ። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ከባድ ስሕተት እንዳለበት ራሱ ደረሰበት። የታተመው ተሰበሰበ፤ ለዳግም ኅትመቱም ከሽልማቱ የሚበልጥ ገንዘብ ከኪሱ ከፈለ። ስሕተቱን ሲያርም ነው ትርምስን ያገኘው። ለተማሪዎቼ ይህን በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ፤ እርማት የሚያሳፍራቸው ብዙ ናቸውና።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነኝ። ያለ ትልቅ ላቦራቶሪ ከዚህ ሆኜ ምን ልመራመር እችላለሁ? ሁሉም አልተሠራም ወይ?

መልስ፦ አልተሠራም፣ ልጄ። ሎሬንዝ የአየርን እንቅስቃሴ አቃልሎ የጻፈባቸው ሦስት እኩልታዎች በ1963 ታተሙ፤ መፍትሔዎቻቸው የሚስሉት፣ የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስለው ታዋቂ ቅርጽ በእርግጥ መኖሩን የሒሳብ ሊቁ ዋሪክ ተከር ያረጋገጠው ግን አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ እርሱም የኮምፒውተሩን እያንዳንዱን የማጠጋጋት ስሕተት በወሰን አጥሮ። በ1900 ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሂልበርት ካቀረባቸው ጥያቄዎች የ16ኛው ሁለተኛ ክፍል ዛሬም አልተፈታም። በሁለት ተለዋዋጮች፣ በሁለተኛ ደረጃ ብቻ የተጻፈ ሥርዓት ቢበዛ ስንት ብቸኛ ዑደቶች (ወደ መነሻቸው የሚመለሱ፣ በአጠገባቸው ሌላ ዑደት የሌላቸው መንገዶች) ሊኖሩት ይችላል? አራት ያላቸው ተገኝተዋል፤ ከአራት ሊበልጥ አይችልም ብሎ ያረጋገጠ የለም። ይህ ላቦራቶሪ አይጠይቅም።

ከዚህ በፊት ግን በካልኩሌተሩ ጀምሪ። በ4 ፈንታ በ2.8፣ ቀጥሎ በ3.2፣ በ3.5፣ በመጨረሻም በ3.83 አባዢ። በእያንዳንዱ ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ደጋግመሽ ቁጥሮቹ ምን ላይ እንደሚያርፉ ጻፊ። በሚቀጥለው ሳምንት ይዘሽልኝ ነይ፤ የ3.83ቱን አብረን እናየዋለን።