ሣር የበላ ሥጋ፣ በቆሎ የበላ ሥጋ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«ሥጋ ቤት ‹ግራስ ፌድ› የተባለው ከሌላው በጣም ይወደዳል። እውነት ሣር ብቻ የበላ ነው? ሌላውስ ከተወለደ ጀምሮ በቆሎ ነው የሚበላው?» (ከሜሪላንድ)

አሜሪካ ውስጥ ለሥጋ የሚረባ ከብት ሁሉ ማለት ይቻላል ሕይወቱን የሚጀምረው በእናቱ ወተትና በሣር ነው። ጥጃው ከ6 እስከ 8 ወር ሲሆነው ከእናቱ ይለያል። በዚያን ጊዜ 250 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መንገዱ የሚለያየው ከዚህ በኋላ ነው። አብዛኛው ጥቂት ጊዜ ግጦሽ ላይ ቆይቶ ወይም በቀጥታ ማድለቢያ ይገባል፤ ከ4 እስከ 6 ወርም አብዛኛው በቆሎ የሆነ መኖ ይቀርብለታል። በቀን ኪሎ ተኩልና ከዚያ በላይ ይጨምራል፤ ከ14 እስከ 22 ወር ባለው ዕድሜው ይታረዳል። እስከ መጨረሻው በሣር የቆየው ግን በቀን ከግማሽ ኪሎ እስከ 900 ግራም ቢጨምር ነው። ለዕርድ ለመድረስ ከ20 እስከ 30 ወር ይፈጅበታል። ዋጋውን የሚያንረው ይኸው ጊዜ፣ የሚይዘው መሬትና የክረምቱ ድርቆሽ ነው።

ስለዚህ ሻጩን «ሣር በልቷል ወይ?» ቢሉት መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። መጠየቅ ያለበት «መጨረሻ ላይ ምን በላ?» ተብሎ ነው። በሥጋው መሐል እንደ ክር የሚሰራጨው ስብ በብዛት የሚገባው በመጨረሻዎቹ ወራት ስለሆነ ጣዕሙንም መልኩንም የሚወስነው ያ ጊዜ ነው።

በማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያነቡ «100 በመቶ ግራስ ፌድ» ወይም «ግራስ ፊኒሽድ» (እስከ መጨረሻው ሣር የበላ) የሚለውን ይፈልጉ። «ግሬን ፊኒሽድ» የሚል ካለበት በእህል የደለበ ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ሣር መሐል የቆመ ላም ሥዕል ቢኖርም። «ኦርጋኒክ» ማለት መኖው ኦርጋኒክ ነው ማለት ነው፤ መኖው ግን ኦርጋኒክ በቆሎ ሊሆን ይችላል። «አንገስ» ዝርያ እንጂ የመኖ ስም አይደለም። «ግራስ ፌድ» የሚለው ቃል ብቻውን ሆርሞን ወይም አንቲባዮቲክ አልተሰጠውም ማለትም አይደለም፤ ይህ በሌላ መስመር ተለይቶ መጻፍ አለበት። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣውን የግራስ ፌድ መለኪያ በጥር 2016 ስለተወው፣ ዛሬ ጽሑፉ የሚፈቀደው አምራቹ በሚያቀርበው ሰነድ ነው። የግል ማረጋገጫ ማኅተም ያለበት ሥጋ የተሻለ ዋስትና አለው።

በዚያ በ2007 መለኪያ ላይ አንድ ነገር ነበር፦ ፍሬ ያልያዘ የእህል ተክል እንደ ሣር ይቆጠራል። በቆሎውም ቢሆን ፍሬው እንጂ ለምለም አገዳውና ቅጠሉ አይከለከልም። የሐረርጌ ገበሬ ከማሳው እየነቀለና ቅጠሉን እየመለመለ ለታሰረ ሰንጋው በእጁ የሚያጎርሰው የበቆሎና የማሽላ ቡቃያ በዚያ መለኪያ ሣር ነው።

«ጥብስ ስሠራ ሣር የበላው ሥጋ ጎማ ይሆንብኛል። በተለመደው ሥጋ ግን ይህ ገጥሞኝ አያውቅም።» (ከቨርጂኒያ)

በቆሎ የበላው ሥጋ ጥፋትዎን ይሸፍንልዎታል። በውስጡ ያለው ስብ እየቀለጠ ስለሚያርሰው አምስት ደቂቃ ቢያልፍበትም አይታወቅበትም። ሣር የበላው ግን ስቡ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል፣ ቶሎም ይደርቃል። ጊዜውን በሩብ ያህል ይቀንሱ።

ሌላው ስሕተት ድስቱን መሙላት ነው። ኪሎ ሥጋ በአንድ ጊዜ ሲጨመር ድስቱ ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውኃ ያወጣል፣ ከዚያ በራሱ ውኃ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሽንጥ ወይም የጎድን ሥጋ ይምረጡ፤ ቃጫውን አቋርጠው ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ይክተፉት፤ በንጹሕ ወረቀት ፎጣ ያድርቁት። መጥበሻውን ዘይቱ ሊጨስ እስኪል ያግሉት፤ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው መጥበሻ በአንድ ጊዜ ከ400 ግራም አይለፉ። ለሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብሰው ያውጡትና ቀጣዩን ይጨምሩ። ሽንኩርቱን፣ ሮዝመሪውንና ቅቤውን ለብቻ አዘጋጅተው፣ ቃሪያውን ከጨመሩ በኋላ ሥጋውን መልሰው አንድ ደቂቃ ያህል ያገላብጡ። ጨው ወይ ከአንድ ሰዓት በፊት ነስንሰው ያቆዩት፣ ወይ ልክ ሊጠብሱ ሲሉ ይጨምሩ። አሥር ደቂቃ ቀድሞ የተጨመረ ጨው ውኃውን አውጥቶ ገና ስላልመለሰው ሥጋው ረጥቦ መጥበሻ ይገባል።

ለወጥ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ወርች፣ ፍሪምባና ቅልጥም ሣር ከበላው ጥሩ ናቸው፤ በዕድሜ የበሰለ ከብት ጅማቱ ስለሚጠነክር ግን በዝግታ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል። በቆሎ የበላ ፍሪምባ ለወጥ ከገዙ ደግሞ ቅቤውን በግማሽ ይቀንሱ፤ አለበለዚያ ድስቱ ላይ ዘይት ይንሳፈፋል።

ለቋንጣ ሣር የበላው ይሻላል፤ ስብ ቶሎ ይበላሻልና።

«ሣር የበላ ከብት ንጹሕ ስለሆነ ለጥሬ ሥጋና ለክትፎ ምንም ስጋት የለውም ይባላል። እውነት ነው?» (ከሲያትል)

አይደለም። ሰውን ክፉኛ የሚያሳምመው ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለው ባክቴሪያ ሣር በበላውም በቆሎ በበላውም አንጀት ውስጥ ይገኛል፤ ከቆዳና ከአንጀት ወደ ሥጋው የሚሻገረው በዕርድ ጊዜ ነው። የኮሶ ትል እንዲያውም ከግጦሽ ጋር ይያያዛል፦ የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ ከብቱ ይገባል። ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ማቀዝቀዝ የትሉን ዕጭ ይገድላል፤ ባክቴሪያውን ግን አይነካውም። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም ከጥሬው ብዙ አይለይም። የተከተፈ ሥጋ ደኅና የሚሆነው ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (160 ፋራናይት) ሲደርስ ነው። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊና ሕመምተኛ ጥሬ አይብሉ። ተፈጭቶ የታሸገ ሥጋ ለጥሬ በጭራሽ አይሆንም፤ ከብዙ ከብት የተቀላቀለ ነው፣ ላዩ የነበረው ባክቴሪያም ውስጥ ገብቷል። ሙሉ ብልት ገዝቶ ላዩን ገፎ ጥሎ፣ በሌላ ንጹሕ ቢላ ቤት መክተፍ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

በጣዕም ረገድ ግን ለክትፎ ሣር የበላ የጭን ሥጋ ይመረጣል። «ፕራይም» የሚባለውን፣ በመሐሉ ስብ የበዛበትን ከፍተኛ የአሜሪካ ደረጃ፣ ለክትፎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ዋጋ የከፈሉበትን ስብ ለቅመው ያወጡታል፣ ከዚያ መልሰው ቅቤ ያፈሱበታል።

«ዱባይ የብራዚል ሥጋ ርካሽ ነው፤ የአውስትራሊያው ደግሞ ‹100 ቀን› የሚል አለው። ሻኛስ የት ይገኛል?» (ከዱባይ)

የብራዚል ከብት በአብዛኛው ሣር የበላ ነው፤ ዋናው ዝርያ ኔሎሬ እንደ እኛው ከብት ሻኛ ያለው ነው። ሻኛውን ብራዚሎች «ኩፒም» ይሉታል፤ በዚህ ስም ይጠይቁ። በአውስትራሊያው ሥጋ ላይ ያለው 100 ቀን ከብቱ በእህል የቆየበትን ጊዜ ይናገራል፤ ሣር የበላው ለብቻው ተለይቶ ይጻፋል። የአሜሪካ አንገስ ሻኛ የለውም።

«ደንበኞቼ ቢጫ ጮማ አይተው ‹ያረጀ ነው› ይላሉ። ነጭ እንዲሆን ብዬ ለበሬዎቼ የበቆሎ ፍሬ ስሰጥ ሁለቱ ተቀማጡ፣ አንዱ መኖ ተወ።» (ከአዳማ)

ቢጫነቱ የሚመጣው በለምለም ሣር ውስጥ ካለው ካሮቲን ነው፤ ሕመም አይደለም። በእርግጥ ለዓመታት ሣር የበላ አሮጌ ከብት ላይ ስለሚጠራቀም ደንበኞችዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የጉበት በሽታ ቢጫነት ግን ከስቡ አልፎ ጅማቱንና የመገጣጠሚያ ሽፋኑን ያቀልማል። እንዲህ ያለውን መርማሪ ሳያየው አይሽጡት።

ወደ በሬዎቹ ስንመጣ፣ ምክንያቱ ጥድፊያ ነው። የበቆሎ ስታርች በትልቁ ጨጓራ ውስጥ በፍጥነት ይቦካል፣ አሲድ ይበዛል፣ ሣር የሚያብላሉት ተሕዋስያን ያልቃሉ። ቀለል ሲል መቅመጥ፣ ማመንዠክ ማቆምና መኖ መተው ነው፤ ሲከፋ በሬው ይተኛል፣ ይሞታልም። ሳይታወቅ ሲደጋገም ደግሞ ጉበት መግል ይቋጥራል። አሁን ፍሬውን ሙሉ በሙሉ ያቁሙ፤ ድርቆሽና ውኃ ብቻ ይስጡ፤ የተኛ ካለ ሐኪም በዚያው ቀን ይጥሩ።

ሲያገግሙ 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ በቀን ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች ይጀምሩ፣ በየሦስት ቀኑ ግማሽ ኪሎ ይጨምሩ፣ ከአራት ኪሎ አይለፉ። ለጠዋትና ለማታ ይክፈሉት፤ ሁልጊዜ ድርቆሹ ይቅደም። በቆሎው ይሰበር እንጂ አይላም፤ ዱቄት ሲሆን ቶሎ ይቦካል። በቆሎ ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ትንሽ ስለሆነ ፋጉሎ፣ ጨውና ጥቂት የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨመርበት። ስቡ እስኪነጣ ወራት ይፈጃል፤ የሁለት ሳምንት በቆሎ ቀለም አይቀይርም።

«ለጤና ይሻላል የሚባለው በምን ያህል ነው?» (ከቴል አቪቭ)

ኦሜጋ 3 የተባለው የስብ ዓይነትና ቫይታሚን ኢ ሣር በበላው ይበዛሉ፣ ጠቅላላ ስቡም ያንሳል። ፕሮቲኑ፣ ብረቱና ዚንኩ ብዙም አይለይም። የኦሜጋ 3ው መጠን ግን በ100 ግራም በሚሊግራም የሚቆጠር ነው፤ ሳልመን ከግራም በላይ አለው። ለኦሜጋ ብለው ከሆነ ዓሣ ይግዙ።

«ለፋሲካ ስድስት ሆነን ከገበሬ በሬ ገዝተን ቅርጫ ልንገባ ነው። ሣር የበላው ወይስ የደለበው ያዋጣል?» (ከኮሎራዶ)

ዋጋው በቁም ክብደት ነው ወይስ በታረደ ክብደት? መጀመሪያ ይህን ይለዩ። 500 ኪሎ የሚመዝን ሣር የበላ በሬ ተገፎ ሆድ ዕቃው ሲወጣ ከቁም ክብደቱ 57 በመቶ ያህል፣ ማለትም 285 ኪሎ ይቀራል፤ ከአጥንትና ከሚጣል ስብ በኋላ 185 ኪሎ ገደማ፣ ለአንድ ሰው 31 ኪሎ ይደርሳል። 600 ኪሎ የደለበው 62 በመቶ ያህል ስለሚሰጥ 372 ኪሎ፣ በመጨረሻም 240 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከደለበው የሚጣለው ስብ ብዙ ስለሆነ በታረደ ክብደት ሲከፍሉ ለሞራም እየከፈሉ ነው፤ ሞራውን ይጠይቁ፣ የእናንተ ነው።

ለባለቤቱ ብቻ የሚያርድ ቄራ ከሆነ ስድስታችሁም ከዕርዱ በፊት በሰነድ ባለቤት ሁኑ። እንዲህ ያለ ሥጋ «ለሽያጭ ያልቀረበ» ተብሎ ይታተምበታል፤ ለባለቤቱ፣ ለቤተሰቡና ለማይከፍል እንግዳው ብቻ ነው። ከዕርድ በኋላ ለሰባተኛ ሰው መሸጥ ሕገ ወጥ ነው።

ጨጓራ፣ ጉበት፣ ምላስና ቅልጥም ትፈልጉ እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ስጡ፤ ካልተነገራቸው ይጥሉታል፣ ጭኑንም ወርቹንም ይፈጩታል። በብልቱ ሳይፈጭ እንዲቀር ንገሯቸው። የደለበው ሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ከ14 እስከ 21 ቀን ቢሰቀል ይለሰልሳል፤ ሣር የበላው ላዩን የሚሸፍነው ስብ ስስ ስለሆነ ይደርቃል፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ይበቃዋል። በዕርዱ ዕለት በፍጥነት ከቀዘቀዘም ጡንቻው ተኮማትሮ ይጠነክራል፤ ይህን ምንም ዓይነት ጥብስ አያድነውም። ስለዚህ በጣም ከሲታ በሬ አትምረጡ።

ለ31 ኪሎ ሁለት ኪዩቢክ ጫማ ተኩል ያህል የፍሪዘር ቦታ ያስፈልጋል። የተፈጨው በአራት ወር፣ ሙሉ ብልቱ በዓመት ውስጥ ይበላ።