ትርጉም ከቃል ነው ከዓረፍተ ነገር?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ቅኔ ቤት ትንሽ ቆይቻለሁ። የሳንስክሪት (የጥንቱ የህንድ ቋንቋ) ሰዋስው ሊቆች ትርጉም ከቃል ሳይሆን ካረፍተ ነገሩ ነው የሚመጣው ይላሉ አሉኝ፣ እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁሉም አይሉም። የጥንቱ ሊቃቸው ፓኒኒ ወደ 4000 በሚጠጉ አጫጭር ህጎች ቃል እንዴት እንደሚሠራ ነው የደረደረው፣ አንተ የሰማኸው የብሃርትሪሃሪን ነው፣ 5ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የነበረ የሰዋስው ሊቅ፣ እሱ ድምፁ ተራ በተራ ይገባል ትርጉሙ ግን ባንዴ ቦግ ይላል ባይ ነው፣ ትርጉም ተሸካሚውን ሙሉ ነገር ስፎታ ይሉታል። እኔን ያሳመነኝ የኛው ጠላ ቤት ነው፦ «እዚህ ቤት ጠላ አለ» ስትል «አለ» ይጠብቃል፣ «ምን ልቅዳ ብትለው ጠላ አለ» ስትል ይላላል፣ ፊደሉ ያው፣ የሚለየው ሙሉው ንግግር ነው። ሰምና ወርቅ ሲሆንማ ሁለቴ ነው ቦግ የሚለው፣ ያውም ከገባህ።