ስለ ታጣፊ ሳይክል ለጠየቅከው ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት ይህን አንብብ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። እዚህ ጀርመን ከኢንጎልሽታት ሙኒክ እየተመላለስክ ልትሰራ ነው፣ ከቤትህ እስከ ባቡር ጣቢያ 4 ኪሎ ሜትር፣ ሙኒክ ከወረድክ በኋላ ደግሞ ወደ 9 ኪሎ ሜትር አለብህ፣ ባለ 20 ኢንች ኤሌክትሪክ ታጣፊ ሳይክል ኦንላይን በ900 ዩሮ አግኝተህ ልዘዘው ወይ ብለህ ነው የጠየቅከው። አትዘዘው። "ግዛው አሪፍ ነው" ያሉህ ሰዎች ሳይክላቸውን ከቤት ሱፐርማርኬት ነው የሚነዱት፣ ጠዋት በግፊያ ሰዓት ባቡር ላይ ይዘውት አልወጡም። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ይዤ ወጥቻለሁ ወርጃለሁ፣ ልክ አንተ ያየኸውን ዓይነትም በ899 ዩሮ ገዝቼ ከስሬበታለሁ።

የኔን መንገድ ልንገርህ፣ ያንተው ስለሚመስለኝ። ቤቴ አውግስቡርግ ጌጊንገን ነው፣ ስራዬ ሙኒክ ጥግ ያለችው ኡንተርፌሪንግ። ጠዋት እስከ አውግስቡርግ ሃውፕትባንሆፍ (ዋናው ባቡር ጣቢያ) 3 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፣ ከዛ በሬጂዮናል ባቡር ሙኒክ ፓዚንግ ጣቢያ፣ ከፓዚንግ ኤስ 8 በሚባለው ኤስ-ባን (የከተማና የዳርቻ ባቡር) እስከ ስራ። ከስራ ስወጣ ግን ኤስ-ባኑን ትቼ በኢዛር ወንዝ ዳር፣ ኢንግሊሸር ጋርተን የሚባለውን ፓርክ አቋርጬ እስከ ሙኒክ ሃውፕትባንሆፍ እነዳለሁ፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ትሆናለች፣ የቀኑን ድካም የምታወጣልኝ እሷ ናት። ቲኬቴ ዶይችላንድቲኬት የሚባለው የወር ቲኬት ነው፣ በ2025 58 ዩሮ ነበር፣ በ2026 63 ገባ። አይሲኢ (ፈጣኑ የረጅም ርቀት ባቡር) ላይ አይሰራም፣ ሙሉ ሳይክልም አይጨምርልህም። ታጥፎ የተያዘ ታጣፊ ሳይክል ግን እንደ ሻንጣ ነው የሚቆጠረው፣ ምንም አትከፍልበትም። ወር በወር ሲታሰብ ትልቅ ነገር ነው።

1. መጀመሪያ ህጉን እወቅ። ሙኒክ ኤስ-ባንና ኡ-ባን (የምድር ውስጥ ባቡር) ላይ ከሰኞ እስከ አርብ ከጠዋቱ 6 እስከ 9 እና ከ16 እስከ 18 ሰዓት (በፈረንጅ አቆጣጠር) ሳይክል ማስገባት ክልክል ነው። የሳይክል ቲኬት ብትቆርጥም አይረዳህም። ያኔ የሚገባው ታጥፎ ያለ፣ ጎማው ከ20 ኢንች ያልበለጠ ብቻ ነው። 24 ኢንች ታጣፊ የሚሸጡም አሉ፣ ቢታጠፍም አይጠቅምህም። "ታጥፎ ያለ" የምትለዋን ደግሞ ልብ በልልኝ፣ የኔ ጣጣ በሙሉ ከሷ ነው የመጣው።

2. ክብደቱን ተሸክመህ እየው። መንገድ ላይ ሳይክሉ አንተን ይሸከማል፣ ባቡር ጣቢያ ስትደርስ አንተ ነህ እሱን የምትሸከመው። የኔው ኤሌክትሪክ 22 ኪሎ ነበር፣ እኔ ራሴ 58 ኪሎ ነኝ። ማስታወቂያው ላይ "በቀላሉ የሚያዝ" ይላል፣ ፎቶው ላይ አንዲት ልጅ በአንድ እጇ አንጠልጥላ ትስቃለች። እኔ ፓዚንግ ደረጃ ላይ ሁለት ቦታ ቆሜ ትንፋሽ እየሰበሰብኩ ነበር የምወጣው። ሊፍት አለ፣ ግን ጋሪ የያዙ እናቶች፣ ሻንጣ የያዙ መንገደኞች ይሰለፋሉ፣ አንተ ደግሞ ባቡር ለመቀየር ያለህ አምስት ደቂቃ ነው። ከ12 ኪሎ በላይ የሆነ ነገር በየቀኑ አራት ጊዜ አነሳለሁ አልጥልም ብለህ ራስህን አታታል።

አሁን እንዴት እንደከሰርኩ ልንገርህ፣ ከሁሉ በላይ እሱን እንድታውቅልኝ ነው የምፈልገው። ሳይክሉ በካርቶን የመጣው ለፋሲካ አገር ቤት ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ነው። ስመለስ እከፍተዋለሁ ብዬ ኮሪደር ላይ አስደግፌው ሄድኩ፣ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ከፈትኩት፣ የመጀመሪያ ቀን ሳነሳው ገና ነገሩ ገባኝ፣ ልመልሰው ብዬ ጻፍኩ። 14 ቀን አልፎታል አሉኝ። ኦንላይን የገዛኸውን ዕቃ ያለ ምክንያት መመለስ የምትችለው በእጅህ ከገባ በ14 ቀን ውስጥ ነው፣ ካርቶኑን ብትከፍተው ባትከፍተው ቀኑ ይቆጠራል። እሺ፣ ይሄ የኔ ጥፋት ነው ብዬ ዋጥኩት፣ ነዳሁት።

እዚህ ላይ መታጠፉን ላስረዳህ። እነዚህ ርካሾቹ ወገባቸው ላይ በማጠፊያው ይታጠፉና ሁለቱን ጎማ ገጥሞ የሚይዛቸው ክብ ማግኔት ናት፣ ከኋላ አንድ ከፊት አንድ ተለጥፋ። መኖሪያ ቤት ውስጥ ጠቅ ብላ ስትገጥም ደስ ትላለች። 22 ኪሎ ዕቃ ደረጃ ላይ ሲወዛወዝ ግን አትይዝም። በሁለተኛው ወር ከፓዚንግ ደረጃ ስወርድ ተከፈተና የፊት ጎማው ተወርውሮ መጣ፣ ፔዳሉ ቅልጥሜን መታኝ፣ ጠባሳው አሁንም አለ። በአራተኛው ወር አንዷ ማግኔት ጭራሽ ተነቅላ ጠፋች። ከዛ በኋላ በአንገት ልብሴ እያሰርኩ መሄድ ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ከፓዚንግ ኤስ 8 ተሳፈርኩ፣ 7 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው፣ በር ጥግ ይዤው ቆሜያለሁ፣ ሰው ግጥም ብሏል። ተቆጣጣሪ መጣ። ቲኬቴን አሳየሁ፣ አየና ዓይኑን ወደ ሳይክሉ ጣለ። "ሳይክል በዚህ ሰዓት ክልክል ነው" አለኝ። ታጣፊ እኮ ነው አልኩት። ጎንበስ አለና የአንገት ልብሴን ቋጠሮ በጣቱ ነካ አድርጎ "ይሄ የታሰረ እንጂ የታጠፈ አይደለም" አለኝ፣ ጮክ ብሎ፣ ፉርጎው ሁሉ እንዲሰማው። ማግኔቱ ተነቅሎብኝ ነው ብዬ ልነግረው ስጀምር "ጀርመንኛ ካልገባሽ በእንግሊዝኛ ልንገርሽ" ይለኛል። በጀርመንኛ ነበር እኮ የማወራው! አስራ አንድ ዓመት እዚህ አገር ሰርቼ ግብር ከፍዬ። ላይም የሚባል ጣቢያ ላይ አስወረደኝ። 9 ሰዓት እስኪሞላ ላይም ፕላትፎርም ላይ ብርድ ላይ ተቀመጥኩ፣ ስራ የገባሁት ሰዓቱ በጣም አልፎ ነው፣ አለቃዬም ዝም አላለኝም። ህጉን ካየኸው ሰውየው ትክክል ነው፣ ይሄን አልክድም፣ ያ አነጋገሩ ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

ከዛ ላሰራው ብዬ አውግስቡርግ ውስጥ ሦስት ሳይክል ቤት ዞርኩ። ሁለቱ "ኢንተርኔት ላይ የተገዛ አንነካም" አሉኝ፣ አንደኛው ቤት ያለው ልጅማ ከወንበሩም አልተነሳም። ለሻጩ ጻፍኩ፣ ማግኔት የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ ጋራንቲ አይሸፍነውም ብሎ መለሰልኝ። እኔም አመንኩት። በኋላ እውነቱን ስሰማ ነው ያበድኩት። ለካ ጋራንቲ ሌላ፣ ገቬርላይስቱንግ ሌላ ነው! ጋራንቲ ፋብሪካው ወይ ሻጩ በፈቃዱ የሚሰጥህ ነው። ገቬርላይስቱንግ ግን በህግ ያለህ መብት ነው፣ አዲስ ዕቃ ላይ ሁለት ዓመት፣ በመጀመሪያው 12 ወር ውስጥ ጉድለት ከታየ ደግሞ ዕቃው ሲሸጥ ደህና እንደነበር ማሳየት ያለበት ሻጩ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። በአራት ወሩ የተነቀለ ማግኔት ይዤ፣ ደብዳቤ ጽፌ በቀነ ገደብ ማስጠገን ስችል ዝም አልኩ። ይሄን የነገረችኝ የስራ ባልደረባዬ ናት፣ ፌርብራውኸርሴንትራለ የሚባል የሸማቾች ምክር ቢሮ እንዳለም ያወቅኩት ያኔ ነው። እኔ ግን ሳይክሉን በ300 ዩሮ ሸጬው ነበር። 599 ዩሮ በስምንት ወር። አንተ ይሄን ቀድመህ እወቅ፣ ምንም ብትገዛ።

3. እንግዲህ ምን ልግዛ ላልከው። እኔ አሁን የያዝኩት ብሮምፕተን የሚባለው የእንግሊዝ ታጣፊ ሳይክል ነው፣ ሴኮንድ ሃንድ፣ ባለ 6 ማርሽ፣ በ1,150 ዩሮ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ አዲሱማ ከዚህም በላይ ነው። ግን ሲታጠፍ እየው። የኋላው ጎማ ከስር ይገለበጥና ይቀመጣል፣ ወገቡ ይታጠፋል፣ መሪው ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ኮርቻውን ወደ ታች ስትገፋው የኮርቻው ብረት ራሱ ሁሉንም ይቆልፈዋል። በኮርቻው አንጠልጥለህ ብታራግፈው አይከፈትም። ማግኔት የለ፣ ገመድ የለ። ርዝመቱ 65 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 27 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ሁለት ወንበር መሃል ይገባል። እኔ በ20 ሰከንድ አጥፈዋለሁ፣ ባቡሩ እየገባ እያየሁ ነው የምወርደው፣ ጀርመኖቹ ቆመው ያዩኛል። ከዛን ቀን ወዲህ ስንት ተቆጣጣሪ አልፎኛል፣ አንድም ቀና ብሎ ያየው የለም።

ግድ ብሮምፕተን ይሁን አልልህም። ዳሆንና ተርን የሚባሉ ታጣፊዎች አሉ (ዘመዳሞች ናቸው፣ ተርንን በ2011 ያቋቋመው የዳሆን መስራች ልጅ ነው)፣ 20 ኢንቾቹ ሲነዱ የተረጋጉ ናቸው፣ ሲታጠፉ ግን ወደ 80 ሴንቲ ይሆናሉ፣ የኢንጎልሽታት ባቡር ጠዋት ቦታ ከሌለው ታስብበታለህ። በርዲ የሚባለው፣ ሁለት የዳርምሽታት ሰዎች የነደፉት፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው፣ ኮረኮንች ላይ የሚመቸው እሱ ነው፣ አስተጣጠፉ ግን እንደ ብሮምፕተን ድፍን ያለ አይደለም። የትኛውንም ከመግዛትህ በፊት ሱቅ ሄደህ መንዳቱን ተወውና እጠፈው፣ አንሳው፣ ደረጃ ካላቸው ደረጃ ውጣበት፣ እዛው ቆመህ አራግፈው። ከተከፈተ ተወው።

ሞተር የግድ ካልክ ባትሪው ተነቅሎ ለብቻው የሚያዝ ይሁን። የብሮምፕተን ኤሌክትሪክ እንደዛ ነው፣ ባትሪው ፊት ለፊት ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ቦርሳውን ትከሻህ ላይ ሳይክሉን በእጅህ ታደርጋለህ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ሙኒክ ሜዳ ነው፣ 9 ኪሎ ሜትር ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ነው። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አይደለም የምትወጣው። የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ጉልበትህ ይጮሃል፣ ከዛ ይለምዳል።

ስለ ጎማ ሳልነግርህ አላልፍም። "16 ኢንች" የሚባል ሁለት ዓይነት ጎማ አለ፣ አንዱ 305 ሌላው 349 ሚሊ ሜትር፣ ብሮምፕተን 349 ነው። እኔ 16 ኢንች የሚል ብቻ አይቼ ሁለት ጎማ አዘዝኩ፣ እሁድ ከሰዓት ኩሽና ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ታገልኩ፣ ጥፍሬ ተሰበረ፣ አልገባም። 305 ነበር። 20 ኢንችም እንደዛው 406 እና 451 አለው። ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር አይተህ እሱኑ እዘዝ። ኢንግሊሸር ጋርተን ደግሞ ጠጠር ነው፣ ስለዚህ ወፍራሙን፣ እንደ ሽቫልበ ማራቶን ያለውን ጎማ ግጠምበት፣ ነፋሱን በየሳምንቱ ሙላ። የኋላ ጎማ ለመፍታት 15 ቁጥር ቁልፍ ቦርሳህ ውስጥ ይኑር፣ መለዋወጫ ካላማዳሪያም። የሰንሰለቱን መወጠሪያ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ፈትተህ ግጠመው፣ በጨለማ መንገድ ዳር አትማርበት።

የትራም ሃዲድ ካለበት ተጠንቀቅ። ትንሽ ጎማ ሃዲዱ ውስጥ ይገባል። አውግስቡርግ ኮኒግስፕላትስ አጠገብ ዝናብ ላይ በሰያፍ ላልፍ ስል ወድቄ የእጄ አንጓ ለሦስት ሳምንት ታስሯል። ቀጥ ብለህ ተሻገረው፣ በረዶና ጨው ባለ ሰሞን ደግሞ ወርደህ ግፋው።

ሴኮንድ ሃንድ ከሆነ ፍሬሙ ላይ ያለውን ቁጥር አይተህ የመጀመሪያ ደረሰኙን ጠይቅ፣ ደረሰኝ የለኝም ካለህ ሂድ። ቁመትህ ረዘም ካለ ደግሞ ረጅሙን የኮርቻ ብረት ነው የምትጠይቀው፣ አጭሩን ይዘህ ብትነዳ ጉልበትህን ነው የምትገድለው። መስሪያ ቤትህ በሊዝ ሳይክል የሚሰጥ ከሆነ (ከደሞዝህ በየወሩ የሚቆረጠው) ታጣፊም ስለሚያካትት መጀመሪያ እሱን ጠይቅ፣ የኔዎቹ አልነበራቸውም። ሳይክል መቆለፊያ ግን አትግዛ፣ እኔ የኔን ቢሮ ጠረጴዛ ስር ነው የማስቀምጠው፣ ውጪ አንድም ቀን አድሮ አያውቅም።

ቁመትህን ጻፍልኝ፣ የትኛው የኮርቻ ብረት እንደሚሆንህ እነግርሃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አውግስቡርግ ነኝ፣ ከኢንጎልሽታት ቀጥታ ባቡር አለው፣ ከፈለግክ ና፣ የኔን አጥፈህ ተሸክመህ የጣቢያውን ደረጃ ሁለት ሦስቴ ውጣበት ውረድበት፣ ከዛ በኋላ የ900 ዩሮውን ካዘዝክ እዘዝ።